ድልድል ይመጣል የተባለ ዓመት

እኔ ቁጣ ይቀድመኛል። እናቴ "ኧረ አንች ልጅ፣ ከመናገርሽ በፊት ምራቅሽን ዋጥ አድርጊ" እያለች አሳደገችኝ፤ አልሆነልኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚያ ዓመት ያጠፋሁትን ጥፋት በቁጣ ያጠፋሁት እንዳይመስል ነው። በቁጣ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይቅርታ አደርግ ነበር። ያጠፋሁት ደስ ብሎኝ፣ እየሳቅሁ፣ በሰው ቤት ጠላ እየተጎነጨሁ ነው።

ሥራዬ ጤና ኤክስቴንሽን ነው። ከሉማሜ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ገባ ብላ ባለች ቀበሌ፣ ባለ ሁለት ክፍል ጤና ኬላ ውስጥ እስከዚያ ዓመት ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ነበር። ሽንት ቤት ቆፍሩ እላለሁ፣ ሕፃናት እከትባለሁ፣ ነፍሰ ጡር እከታተላለሁ። የምታወቀው ግን በሌላ ነው፤ "አትውለዱ ባይዋ" ነው የምባለው። አትውለዱ ብዬ አላውቅም። አራርቃችሁ ውለዱ፣ አቅማችሁን አይታችሁ ውለዱ ነው የምለው። ማን ይሰማኛል! ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ዛሬ ደግሞ የማንን ቤት ልታደርቂ ነው?" ይሉኛል። እየቀለዱ ነው፤ ግማሹን ግን ከልባቸው ነው።

በሥራዬ አምናለሁ። ከዘጠኝ ልጆች ስድስተኛዋ ነኝ። አባቴ ስድስት ጥማድ መሬት ነበረው፤ አንድ ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ ውሎ የሚያርሰው ነው። ወንድሞቼ ባገቡ ቁጥር ያ መሬት ተቆራርሶ ተቆራርሶ፣ ዛሬ ትንሹ ወንድሜ በደረሰው ላይ በሬ ሲያዞር የበሬው የኋላ እግር የሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ነው። እኔ መሬት አልደረሰኝም፤ ትምህርት ደረሰኝ። ደብረ ማርቆስ ለሥልጠና ስንገባ አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ ሽቅብ የሚወጣ መስመር እያሳየ "ሕዝቡ እንዲህ ይጨምራል፣ መሬቱ ግን አይለጠጥም" ሲል ሌሎቹ ያንቀላፋሉ፤ እኔ የአባቴ ማሳ እየታየኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። እውነቱን ነው። ዛሬም እውነቱን ነው እላለሁ። ብቻ ነገሩን ግድግዳ ላይ ማየትና ከአንዲት ሴት ጋር አጥር ተጋርቶ መኖር አንድ አይደለም።

በዚያ ዓመት በጋ ላይ የቤተሰብ ማህደር እንደ አዲስ ይሞላ ተባለ። ማህደሩ የየቤቱ መዝገብ ነው፤ በቤቱ ስንት ሰው አለ፣ ማን ተከተበ፣ ማን አረገዘ፣ ያን የምንጽፍበት። በዚያው ሳምንት ከወረዳ የመሬት ባለሙያ መጣ። ለገበሬው አዲስ የመሬት ደብተር ሊሰጥ ነውና ማሳውን ሁሉ በመሣሪያ እየዞረ ይለካል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ትሑት ነው፤ አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ውሻ ይፈራል። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ግቢ ገብቶ ውሻው ሱሪውን ቦጨቀለት። ከዚያ ወዲያ "እህቴ፣ አንቺ የየቤቱን ውሻ ታውቂያለሽ፤ እባክሽ አብረን እንዙር" ብሎ ለመነኝ። እሱ ሞተር ብስክሌት አለው፤ እኔ እግሬ አልቋል። እሺ አልሁት። እሱ ማሳውን ይለካል፣ እኔ ቤት ገብቼ ሰው እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ባንድ ሞተር ወደሚቀጥለው ቤት። ሁለታችንንም ጠቀመን። ለሚያየን ሰው ምን እንደምንመስል ግን ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብሁም።

ድሮ ልጅ መቁጠር ጭንቅ ነበር። እኛ ዘንድ ልጅ አይቆጠርም፤ ዓይን ይበላዋል ይባላል። አንዷን "ስንት ልጅ አለሽ?" ብላት "የእግዜር ናቸው" ብላ ዝም ነው። ሁለቱን ትነግረኝና ሦስቱ ጓሮ ተደብቀው ሲስቁ እሰማለሁ። በዚያ ዓመት ግን ጉድ ነው! ገና ከሞተሩ ሳልወርድ ልጆቹ ፊታቸው ታጥቦ፣ ጸጉራቸው ቅቤ ጠግቦ፣ በቁመታቸው ተሰልፈው ይጠብቁኛል። እናቶቹ ሳልጠይቃቸው ዕድሜውን ይዘረዝሩልኛል። "ይችንም ጻፊያት፤ ያንንም እንዳትረሽው" ይሉኛል። ጠላ ይቀዳልኛል። እኔማ ደስታዬ! አሥራ አንድ ዓመት የለፈለፍሁት በመጨረሻ ሰው ልብ ውስጥ ገባ ብዬ ነው።

አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ነበረች። ጠዋት በአንድ ቤት አምስተኛ ልጅ ብዬ ጻፍኋት። ከሰዓት በኋላ ሌላ ቤት ስገባ አራተኛ ልጅ ሆና ቆማለች። ሴትዮዋን "እትዬ" ልትል አፏን ከፍታ፣ ደንገጥ ብላ "እማዬ" አለች። አወቅኋት። እንዳወቅኋትም አወቀች።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም እኔም ልጅ ሆኜ ተውሰውኛል። መሬት በቤተሰብ ብዛት ሲደለደል አባቴ ለአጎቴ አዋሰኝ፤ "ይህን ሰሞን አባትሽ አጎትሽ ነው" ተባልሁ። ሦስት ቀን እነሱ ቤት አደርሁ፤ እንቁላል ተጠበሰልኝ፤ ለኮሚቴው "አባቴ እሱ ነው" ስል ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ያችን ጥርሰ ወላቃ ሳያት የራሴ ልጅነት ድቅን አለብኝና ሳቄ አመለጠኝ። ለምን ተዋሷት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ሰው ልጅ የሚዋሰው ለምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? አልጠየቅሁም። ማህደሬ እየሞላልኝ ነው፣ ጠላው ጥሩ ነው፤ ጻፍኋት። ከእሷም በኋላ ሌሎች ጻፍሁ። ወረዳ ላይ በስብሰባ መካከል አስነስተው አስጨበጨቡልኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሴቶች ወደ ጤና ኬላው ይመጡ ጀመር። ክንዳቸው ውስጥ የቀበርሁላቸው የወሊድ መከላከያ ይውጣልን ይላሉ። አንዷ ራሴን አመመኝ አለች፤ አንዷ ወገቤን፤ አንዷ ምንም ሳትል ክንዷን ብቻ ዘረጋችልኝ። ማውጣት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሉማሜ ጤና ጣቢያ ነው የሚወጣው፤ ወረቀት ጽፌ የምልከው ግን እኔ ነኝ። ጻፍሁላቸው። መብታቸው ነው። ግራ ገባኝ እንጂ ምንም አልጠረጠርሁም።

ከዚያ ጎረቤቴ መጣች።

እኔና እሷን የሚለየን አንድ የእሾህ አጥር ነው። በዚያ አጥር ላይ እሳት ተጫጭረናል፣ ጨው ተቀባብለናል፣ ተሰዳድበን ሳንነጋገር ሰንብተናል፣ ታርቀናል። የአምስት ልጆች እናት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አምስተኛውን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ፣ ባሏና የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ እኔ ከጎኗ እየሮጥሁ ሉማሜ አደረስናት፤ ከዚያ በመኪና ደብረ ማርቆስ። መንገድ ላይ እጇ በእጄ ውስጥ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይታወቀኝ ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ፊት ለፊቷ ነገራት፤ "እናቴ፣ ከእንግዲህ ብታረግዢ መትረፍሽን እንጃ" አላት። ያን መከላከያ ክንዷ ውስጥ የቀበርሁት በገዛ እጄ ነው። የሌላውን ብረሳ የእሷን አልረሳም።

"ወረቀቱን ጻፊልኝ" አለች፤ ገና በሩ ላይ ቆማ።

"የምን ወረቀት?"

"የማስወጫውን።"

ደሜ ፈላ። "አብደሻል እንዴ አንች ሴትዮ! ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። ድልድሉ እስኪያልፍ ነው። አንድ ብቻ ልጨምር፣ ከዚያ መልሰሽ ትቀብሪልኛለሽ።"

"የምን ድልድል?"

በትዝብት አየችኝ። "እኔንም ትደብቂኝ? ከመሬቱ ሰውዬ ጋር ሞተር ላይ ተቀምጠሽ ቤት ለቤት የዞርሽው አንች አይደለሽ? እሱ መሬቱን ለካ፣ አንች ነፍሱን ቆጠርሽ። መሬት በቤተሰብ ቁጥር ሊደለደል መሆኑን ሕፃን አዋቂው ያውቀዋል። በሆድ ያለም ይያዛል አሉ።"

ክው አልሁ። የታጠቡት ፊቶች፣ ቅቤው፣ ጠላው፣ ክንዳቸውን የዘረጉት ሴቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ መጡብኝ። እኔ ነኝ ለካ! ቤት ለቤት ዞሬ በገዛ እግሬ ያደረስሁት ወሬ ነው።

"ድልድል የለም" አልኋት። "እመቤቴን፣ ምንም ድልድል የለም። የእኔ ቁጥር የክትባት ነው።"

"ይሁን" አለች፤ እንዳላመነችኝ ያስታውቃል። ከዚያ ተቀመጠችና ስለ ትልቁ ልጇ ነገረችኝ፤ የማላውቀው ይመስል። ሃያ ሊሞላው ነው። የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ግማሹን ለባለ መሬቱ ያስገባል። የወደዳት ልጅ ነበረች፤ አባቷ "ልጄን የት ላይ ሊያኖራት ነው?" ብሎ ከለከለው። እኩዮቹ ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርደዋል፤ አንዱ በወባ እዚያው ቀርቷል። እሱም ልሂድ እያለ ነው። "አንድ ነፍስ ብጨምር አንድ ጥማድ ይጨመርልኛል። ለእሱ እሰጠዋለሁ። ያገባል። እዚሁ ዓይኔ ሥር ይኖራል" አለችኝ።

"አንች ሞተሽ መሬቱ ምን ያደርግለታል?"

"እኔን ይቀብርበታላ" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

"ሐሙስ ነይ" ብዬ መለስኋት። ሐሙስ እስኪደርስ አንድ ነገር አደርጋለሁ ብዬ ነው። እንዲያ ማድረግ አልነበረብኝም፤ ክንዱ የእሷ ነው፣ ሆዱም የእሷ ነው። ሌሎቹን መብታችሁ ነው ብዬ ጽፌ፣ የምወዳትን ሴት ግን ከለከልሁ።

በማግሥቱ ባሏን ማሳው ላይ ያዝሁት። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ ዝምተኛ ሰው ነው። "አያ፣ ሚስትህ ልትሞትብህ ነው!" ብዬ ገና ከሩቁ ጮህሁበት። በሬዎቹን አቆመ።

"እኔ አውጪ አላልኋትም" አለ።

"አታውጪ በላት እንጂ!"

"እንዴት ብዬ? ለልጇ ነው። ልጁ የእኔስ አይደለም?" ጅራፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ማሳው ዳር ወሰደኝ። "እዚህ ድንበር ነበር፤ ሣር ያለው፣ ጥጃ የሚታሰርበት። እኔና ወንድሜ ከሁለት ወገን እየገፋን ጨረስነው። ያ ኮረብታ የወል ግጦሽ ነበር፤ ለወጣቶች ተሸነሸነ፤ ለእህል ባይሆናቸው ባሕር ዛፍ ተከሉበት። ምን ያርጉ? ከሥሩ ያለችው ምንጭ ከጥር አታልፍም። ዛፉ ሲሸጥ ከተማ ይሄዳል፤ እኛ እበቱን ኩበት አድርገን እናነደዋለን፤ ማሳው ፍግ ካየ ዘመን የለውም። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ከወረዳ መጥቶ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። ብዙ ወለድን፤ እሺ፣ ወለድን። ሉማሜ ሰፍቶ የሚስቴን ወንድም እርሻ ሲበላስ? ማርቆስ ሰፍቶ ዙሪያውን ሲበላስ? ያን በየትኛው ማህደር ጻፍሽው? የሚቆጠረው የኛ ቤት ሆድ ብቻ ነው?"

ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። "እሱም እውነት ነው" አልሁት። "ግን እሷ እንዳትሞት ነው የምለው።" እሱም "እኔስ ሌላ ምን እላለሁ?" አለና ወደ በሬዎቹ ተመለሰ።

ቅዳሜ የጎረቤቴ የንስሐ አባት ዘንድ ሄድሁ። የእኔም ናቸው። መስቀል ተሳልሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሞተሩን፣ ውሻውን፣ ጥርሰ ወላቃዋን። ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ቀስ ብለው "እኔም ቤት አንድ ተውሰናል" አሉኝ።

"አባ! እርስዎም?"

"ምን ላድርግ ልጄ? ስምንት ልጅ አለኝ፤ የማውርሳቸው ይህን መስቀል ብቻ ነው፤ እሱንም ለአንዱ ነው።" መስቀሉን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉና "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ተናገሪ፤ እኔ ሕዝቡን አስቀምጥልሻለሁ። እኔም የበኩሌን እናዘዛለሁ" አሉ።

እሑድ ቅዳሴው እንዳለቀ ሕዝቡ ከጽዶቹ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ቆምሁ። "የእኔ ቁጥር የጤና ነው፣ የመሬት አይደለም" አልሁ። "የሁለታችን መምጣት አጋጣሚ ነው። የመሬቱ ሰውዬ ከእኔ ጋር የዞረው ውሻ ፈርቶ ነው!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። የመንግሥት ሰው ውሻ ፈርቶ! ማን ያምነኛል? ባልሰማው እኔም አላምንም ነበር። እየማልሁ ቀጠልሁ፤ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በሞተችው እናቴ። አባም ተነሥተው ልጅ መዋሳቸውን ተናገሩ። ይባስ አለ፤ "አባም ከተዋሱ ነገሩ የተረጋገጠ ነው" ተባለ። አንድ ሽማግሌ በርኅራኄ ዓይን እያዩኝ "ልጄ፣ እንዳትናገሪ ታዘሽ ነው፤ አንፈርድብሽም። ይህን ያህል ካስማለሽ ቀኑ ቀርቧል ማለት ነው" አሉ። ሰኞ ጠዋት ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ከወትሮው የበዙ ሴቶች ተሰልፈው ጠበቁኝ።

ሐሙስ እሷ መጣች። በሩን ዘጋሁና አጠገቧ ተቀመጥሁ። የቀረኝ ነገር እውነቱን እስከ መጨረሻው መናገር ብቻ ነበር። ልጅቷን በሁለት ቤት አይቼ እያወቅሁ መጻፌን ነገርኋት። እኔም በልጅነቴ እንደተዋሱኝ ነገርኋት። "ሰው ሁሉ የሚሮጠው ያን ጊዜ እያስታወሰ ነው፤ አሁን ግን እንዲያ ያለ ነገር የለም" አልኋት።

በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ "አንችን የተዋሱት አጎትሽ መሬቱን አገኙ?" አለችኝ።

አንድ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ነበረችኝ። አላገኙም፣ በከንቱ ነው ብላት ኖሮ ምናልባት ተነሥታ ትሄድ ነበር። እስከ ዛሬ ያችን ትንፋሽ አስባታለሁ።

"አገኙ" አልኋት። "ሁለት ጥማድ ተጨመረላቸው።"

"እህ!" አለች።

እየተሳደብሁ፣ እያለቀስሁ ጻፍሁላት። ወረቀቱን አጥፋ ከመቀነቷ ውስጥ ከተተችና ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ "በይ አታልቅሽ። ቀኑ ሲደርስ አንች አለሽልኝ" ብላ ወጣች።

ክረምቱ ሲገባ አረገዘች። በየሳምንቱ ልብ ምቱን ሳዳምጥ እሷ ጣራ ጣራ ታያለች፤ እኔ እቆጣለሁ፤ እንቁላል ብይ፣ የደም ማነሱን ኪኒን ዋጪ፣ ውሃ አትቅጂ እላለሁ። መስከረም ሲያልቅ አዲሱ የመሬት ደብተር መጣ። የባልና የሚስት ፎቶ አለው፣ የማሳው ካርታ አለው፤ በጣም ያምራል። መሬቱ ግን ያው ነው። ለማንም አንድ ክንድ አልተጨመረም፣ ከማንም አንድ ክንድ አልተቀነሰም። ሰው ደብተሩን አገላብጦ አገላብጦ አይቶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ማንም አልወቀሰኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የተዋሷቸውን ልጆች አንድ በአንድ ከማህደሩ አወጣሁ። ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ቁጥሩ ለምን ወረደ ብለው ገሠጹኝ፤ አልመለስሁላቸውም።

ደብተሩ በመጣ በሳምንቱ ትልቁ ልጇ ጠዋት አጥሬ ላይ ቆሞ ጠራኝ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንዲት ፌስታል ይዟል።

"እትዬ፣ እማን አደራ።"

"ወዴት ነው?"

"ቆላ። የሰሊጥ አጨዳው ደርሷል።" ፊቱን አዞረ። "ለእኔ ብላ ነው አይደል ያረገዘችው?"

"ለአንተ ብላ ነው። ስለዚህ አትሂድ።"

"ሆዷን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል እትዬ። ብቀርስ ምን ላርስ ነው? እሷም አትሂድ ብላ ለምናኛለች፤ አልቻልሁም።" ጉንጬን ሳመኝና ሄደ። እናቱ ጓሮ ነበረች። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ሳያት ግን ጨርሳ፣ ባዶ ግንዱን እየቀነጠሰች ነው።

መንገዱ በዚያ ዓመት በጸጥታው ችግር ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ነበር። ምጥ በጀመራት ቀን ዝግ ቢሆንስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የዓመት ፈቃዴን ወሰድሁና ቀኗ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይዣት ደብረ ማርቆስ ገባሁ፤ እህቴ ቤት ተቀመጥን። ሁለት ጊዜ "ላሜን ማን ያልባታል?" ብላ ልትሄድብኝ ተነሣች፤ ሁለት ጊዜ በር ላይ ተሟገትን። ሦስተኛ ጊዜ ስትነሣ ምጡ ያዛት።

እኩለ ቀን ላይ ወለደች። ልጅቷ ጮኸች፤ እኔም እልል ልል አፌን ስከፍት ነርሷ ስትሮጥ አየኋት። እንደገና ደም። ያው እንደዚያን ጊዜ። ባሏ መንገድ ላይ ነው፤ ገና አልደረሰም። ደም ያስፈልጋል ተባለ፤ እኔና እህቴ ክንዳችንን ሰጠን። የእህቴ ገጠመላት፤ የእኔ አልገጠመም። ይታያችሁ፣ እሱ እንኳ አናደደኝ! ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጬ እመቤቴን ለመንኋት፤ ለመንኋት ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ተጣላኋት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐኪሟ ወጥታ "ተርፋለች፤ ከእንግዲህ ግን በፍጹም" አለችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ጫማዋን ሳምሁ፤ ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች።

ጎረቤቴ በነጋታው ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። "ምንድን ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ሴት ናት።"

"እሷም አንድ ነፍስ ናት" አለችና እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ።

"ክርስትና የምታነሻት አንች ነሽ" አለችኝ ወደ መንደር ስንመለስ፤ ፈቃዴን እየጠየቀችኝ አልነበረም። ሰማንያኛው ቀን ሲደርስ ሕፃኗን አቅፌ ቆምሁ። አባ ሲያጠምቋት ውሃው ቀዝቅዟት እንደ እኔ በቁጣ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። "በክርስትና እናቷ ወጣች!" ተባለ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ገብተን፣ እንግዳ ሸኝተን፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር እሷ ልጅቷን ጡት እያጠባች ነበር። ጠዋት ልጇ ከቆላ በሰው ስልክ ደውሎ ነበር። አጨዳው ካለቀ ቆይቷል፣ እሱ ግን እዚያው ሌላ ሥራ አግኝቷል፤ አይመለስም። እንኳን ደስ ያለሽ ብሏት ዘግቶታል።

"ይችን የወለድኋት ለእሱ ብዬ ነው" አለች፤ ከልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል። "እሱ ሄደ። መሬቱም አልመጣ። ነገ አድጋ ለምን ወለድሽኝ ብትለኝ ምን እላታለሁ?"

ይህን ሁሉ ዓመት ለሴት ሁሉ መልስ ስሰጥ የኖርሁ ሰው የሕፃኗን መታቀፊያ ማስተካከል ያዝሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ቢኖርባት እችለው ነበር። "አንች ትነግሪያታለሽ" አለች። "ክርስትና እናቷ አይደለሽ?" ልጅቷን ከጡቷ አላቅቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ክንዷን ገልጣ፣ ያልተነካውን፣ "በይ ነገ ጠዋት መጥተሽ መከላከያውን እዚህ ቅበሪልኝ" አለችኝ።

ልጅቷ አሁን አፏን ፈትታለች። እኔን "እምዬ" ትለኛለች፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እየመጣች ስለ ሁሉ ነገር ትጠይቀኛለች፤ ዶሮዋ ለምን አትናገርም፣ ዝናቡ የት ያድራል ትላለች። ያን ጥያቄ ገና አልጠየቀችኝም። ስትጠይቀኝ በእኔ ጥፋት መጣሽ ልላት ነው፤ እናትሽን ልታሳጪኝ ነበር ልላት ነው፤ እንኳንም መጣሽልኝ ልላት ነው። ሦስቱን እንዴት አድርጌ አብሬ እንደምነግራት አላውቅም።